ሃያ ሦስት እርግብ

ሩት በሕይወቷ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ተናግራ አታውቅም። ዩኒቨርሲቲ እያለች ጥናት ስታቀርብ እንኳ የመጨረሻው ረድፍ አይሰማትም ነበር። በወረዳው ጽሕፈት ቤት የአደጋ መከላከል ባለሙያ ሆና ስትቀጠር እናቷ ወይዘሮ አሰጋሽ፣ «እንግዲህ ጎርፍ መጣ ብለሽ በሹክሹክታ ልትነግሪያቸው ነው» ብለው ሳቁባት።

በ2005 ዓ.ም. ሰኔ ላይ የተሰጣት ሥራ ግን መጮህ አያስፈልገውም። አቃቂ ወንዝ ዳር ያሉትን ቤቶች እየዞሩ መመዝገብ ነበር፤ ወንዙ ቢሞላ ማን በመጀመሪያው መኪና ይወጣል፣ ማን በሁለተኛው፣ ስንት ሰው፣ ስንት ከብት፣ ስንት በግ፣ ስንት ዶሮ። የቅጹ የመጨረሻ ዓምድ «ሌላ» ይላል። እስከዚያ ቀን ድረስ ማንም አስሞልቶት አያውቅም።

ከወንዙ ሃያ እርምጃ የማይርቀው የእትዬ ፈለቀች ግቢ ስትደርስ፣ አንድ ወጣት ጣሪያ ላይ ቁጢጥ ብሎ ቆርቆሮ ይመታ ነበር።

«ስንት ሰው አላችሁ?»

«ሁለት። እኔና እናቴ።»

«ከብት?»

«የለም።»

«ዶሮ?»

«ዶሮም የለም።» ወረደና እጁን በሱሪው ጠረገ። «ሃያ ሦስት እርግብ ግን አለ።»

ሩት ቅጹን ዝቅ ብላ አየች። «ለእርግብ ቦታ የለውም።»

እትዬ ፈለቀች ከደጃፉ ሆነው፣ «ተመስገን፤ አንድ እንኳ እንደ እኔ የሚያስብ ወረቀት ተገኘ» አሉ።

ወጣቱ ቀናው ይባላል። ዋናው መንገድ ላይ ካለ የብረታ ብረት ቤት በርና መስኮት ይበይዳል። እርግቦቹ ምድር ባቡር ሠርተው ጡረታ ከወጡት አባቱ የቀሩለት ናቸው።

«ክንፍ አላቸው አይደል?» አለች ሩት በቀስታ። «ብትለቃቸው ራሳቸው ይወጣሉ።»

«ሰው ሁሉ እንደዚያ ነው የሚለው። ብለቃቸው ዞረው የሚመጡት እዚሁ ነው፤ ቤቱ ኖረም አልኖረም። ውኃው ላይ ሲዞሩ ውለው ደክመው ይወድቃሉ። እርግብ አርባ ቀን ዘግተሽ ካላለመድሽው ሌላ ቤት አያውቅም።»

ሩት «ሌላ» ከሚለው ሥር በጥንቃቄ «እርግብ፣ 23» ብላ ጻፈች። ቀና ስትል እያያት ነበር። ሁለቱም እኩል ፊታቸውን ወደ ወንዙ አዞሩ።

ከዚያ በኋላ ቅዳሜ ቅዳሜ ትመጣ ጀመር። ለራሷ «ለሥራ ነው» ትላለች። ሥራም ነበር፤ የእርግቦቹን አወጣጥ ባለ ሣጥን ደብተር ላይ አብረው ነደፉ። ጎናቸው በምስማር የተበሳ ስድስት የዘይት ካርቶኖች፤ በአንዱ ሦስትም አራትም፣ የሚደባደቡት ወንዶች ተለያይተው። ጨለማ ሲሆንባቸው ዝም ስለሚሉ በላዩ አሮጌ ነጠላ። መድረሻው ዳገቱ ላይ ያለው ትምህርት ቤት። ሰባተኛው የጫማ ካርቶን ነው፤ እንቁላል ለታቀፈች። ቀድማ ከተነካች እንቁላሏን ጥላ ስለምትሄድ ከነጎጆዋ መጨረሻ ትነሣለች።

ቀናው የስንዴ ጣሳ ሲያንኳኳ እርግቦቹ እየተጋፉ ወደ ካርቶኑ ይገባሉ። ሩት በስልኳ ሰዓት ትይዛለች። በመጀመሪያው ቅዳሜ አሥራ አንድ ደቂቃ ፈጀ። በአራተኛው ስድስት ሆነ።

«እኔንስ በስንት ደቂቃ ታወጡኛላችሁ?» ይላሉ እትዬ ፈለቀች።

«አንቺ እኮ በጣሳ ተጠርተሽ አትመጪም፣ እማዬ።»

ከሁሉም ነጯን ሙሽራ ይሏታል። ቀናው አንድ ቀን አንሥቶ በሩት መዳፍ ላይ አኖራት።

«ሳትጨብጪ ያዣት። እንደሱ።»

«ልቧ ይመታል።»

«የሷ መሆኑን በምን አወቅሽ?»

ሩት ዓይኗን ከሙሽራ ላይ አላነሣችም። እትዬ ፈለቀች ጉሮሯቸውን እየጠረጉ ወደ ውስጥ ገቡ፤ ጉሮሯቸው ግን ደህና ነበር።

በሐምሌ መጨረሻ ዕቅዱ በወረዳው አዳራሽ ለነዋሪው ቀረበ። ፊት ለፊት የአንድ ለአምስት መሪዎች ተቀምጠዋል። ቀናው ሦስተኛው ረድፍ ላይ ነው፣ የተተኮሰ ሸሚዝ ለብሶ። ሩት ሸሚዙ ለማን እንደተተኮሰ ገብቷት ፈገግታዋን በወረቀት ሸፈነች።

የጽሕፈት ቤቱ ኃላፊ አቶ ኦላና ዝርዝሩን እያነበቡ መጡና ድንገት ቆሙ። መነጽራቸውን አወለቁ፣ መልሰው አደረጉ።

«ሁለተኛ መኪና። ወይዘሮ ፈለቀች፣ ሰው ሁለት… እርግብ ሃያ ሦስት?»

አዳራሹ በሳቅ ፈነዳ።

«ክንፋቸውን አሟቸው ነው?» አለ አንዱ።

«ለእኔም ቁንጫዎች ቦታ ይያዝልኝ።»

«ተዉት፣ ሚስት እስኪያገኝ ነው» አለች አንዲት ሴት።

አቶ ኦላና ክፉ ሰው አይደሉም፤ እሳቸውም እየሳቁ ነበር። «ማነው የጻፈው? ሩት፣ አንቺ ነሽ?»

ያ ሁሉ ሰው ወደ እሷ ዞረ። ጆሮዋ ነደደ። መልሱን ታውቀዋለች፤ ቢለቀቁ ዞረው የሚመጡት እዚያው ነው፣ ቤቱ ኖረም አልኖረም። ይህን ማለት ብቻ ነበር። ከአፏ የወጣው ግን ሌላ ሆነ።

«በስህተት የገባ ነው።»

በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ የመጨረሻው ረድፍ ሰማት።

አቶ ኦላና በቀይ እስክሪብቶ ሰረዙት። ቀናው አልሳቀም፤ እጅጌውን ቁልቁል እየሳበ ጉልበቱን ሲያይ ቆየ። ሲወጡ በር ላይ ተገጣጠሙ። «ደህና ዋይ» አላት፤ ለማንኛውም የወረዳ ሠራተኛ በሚባልበት ድምፅ።

በሚቀጥለው ቅዳሜ አልሄደችም። በስልኳ «ይቅርታ» ብላ ጻፈች፣ አጠፋች፤ ደግማ ጻፈች፣ አጠፋች። ታክሲ ውስጥ ሆና በብረታ ብረት ቤቱ ስታልፍ የብየዳው ብልጭታ ከሩቅ ይታያል። በዚያ በኩል መቀመጥ ተወች።

«ቅዳሜ ሥራ የለም እንዴ?» አሉ ወይዘሮ አሰጋሽ።

«አለቀ።»

«ማን ጨረሰው?»

ሩት ወደ ጓዳ ገባች።

ነሐሴ አጋማሽ ላይ ለሦስት ቀን ሳያባራ ዘነበ። በአራተኛው ቀን ጠዋት ወንዙ እስከ አፉ ሞልቶ፣ የሰው አጥርና የጤፍ ገለባ እያንከባለለ መጣ። የመጀመሪያው አይሱዙ ሰው ጭኖ ሄደ። ሩት በሁለተኛው ላይ ቆማ፣ በላስቲክ የሸፈነችውን ዝርዝር ይዛ ስም ትጠራለች። ውኃው ግቢዎቹ ውስጥ ገብቷል።

ቀናው እናቱን አዝሎ መጣና መኪናው ላይ አወጣቸው። ተመልሶ ሦስት ካርቶን ደራርቦ፣ በነጠላ ሸፍኖ መጣ። ሰው ወደ መኪናው የሚያስገባው ረዳት፣ ፈቀደ የሚባለው፣ እጁን ዘረጋና አገደው።

«ምንድን ነው?»

«እርግብ።»

«ዝርዝሩ ላይ አሉ?» ብሎ ፈቀደ ወደ ሩት ዞረ።

አፏን ከፈተች። ቀናው ግን ቀደማት።

«የሉም» አለ። ካርቶኖቹን እንዳቀፈ ወደ ውኃው ተመለሰ።

ከመጠየቅ ሊያድናት ነበር። ሩት በአዳራሹ እንኳ ያን ያህል አላፈረችም ነበር።

ዝርዝሩን ለፈቀደ ሰጥታ ወረደች። ውኃው ቅልጥሟ ድረስ ነው፤ አንድ ጫማዋ እዚያው ቀረ። መኪናው ከኋላዋ ሲነሣ ሰማች።

«ሦስቱን ለእኔ» አለችው ግቢው ውስጥ ስትደርስ።

«መኪናው ይሄድብሻል።»

«ሄዷል።»

አያት፤ ከዚያ ጣሳውን አንኳኳ። የቀሩት እርግቦች ያለ ምንም ግርግር ገቡ። ስንት ደቂቃ እንደፈጀ የያዘ የለም። ሦስቱን እሱ፣ ሦስቱን እሷ እስከ አገጫቸው ደራርበው ተሸከሙ። ለጫማ ካርቶኗ እጅ አልቀረም። እንቁላል የታቀፈችው ሙሽራ ነበረች፤ በዕቅዳቸውም የመጨረሻዋ።

ዳገቱን በእግር ወጡ። ከትምህርት ቤቱ በር አቶ ኦላና ጎርፉ ያስለቀቀውን ሰው ይቆጥሩ ነበር። አንድ እግሯ ባዶ የሆነውን ሠራተኛቸውን፣ ካርቶኖቹን አዩ። የሳቀ የለም።

ሩትና ቀናው ለሙሽራ ሲመለሱ የእርግብ ቤቱን ውኃው ወስዶታል። ጎጆዋም ከነእንቁላሉ ሄዷል። ሙሽራ ግን አየር ላይ ነበረች፤ ከውኃው በላይ፣ ቤቱ በነበረበት ልክ፣ ትዞራለች። ቀናው ጉልበቱ ድረስ ገብቶ ጣሳውን አንኳኳላት። ዝቅ ትልና የምታርፍበት ስታጣ እንደገና ትነሣለች። እጁን ዘረጋላት፤ እጅ ቤቷ አይደለም።

እስከ ቀትር ድረስ ሲያዩአት ቆዩ። ከዚያ በኋላ አላዩአትም።

«መኪና ላይ ቢሆኑ ኖሮ ሁሉም በአንዴ ይወጡ ነበር» አለች ሩት።

«አዎ» አለ ቀናው። ምንም አይደለም አላላትም።

ትምህርት ቤቱ ለሰውም አልበቃ ስላለ ሃያ ሁለቱ እርግቦች ሳሪስ አቦ፣ ወይዘሮ አሰጋሽ ግቢ ካለው ባዶ ሰርቪስ ቤት ገቡ።

«አርባ ቀን?» አሉ ወይዘሮ አሰጋሽ። «እውነቱን ንገሪኝ፤ የማረፊያው ጉዳይ የእርግብ ነው ወይስ የልጁ?»

«የእርግብ ነው፣ እማዬ።»

ቀናው ከሥራ ሲወጣ እየመጣ ይመግባቸዋል። ወይዘሮ አሰጋሽን ጉልበት ስሞ ይገባል፤ ከሩት ጋር ግን ስለ ስንዴና ስለ ውኃ ብቻ ያወራል። እሷም ዓይኑን ማየት አልቻለችም። ብዙ ጊዜ ይቅርታ ልትለው ጀምራ፣ በጓሮ በሹክሹክታ የሚባል ይቅርታ በአዳራሽ የተካደውን እንደማይመልስ እየታወቃት ትተወዋለች።

በመስከረም ግምገማ መጣ። ነዋሪው በተገኘበት ሠራተኛው እየተነሣ የራሱን ድክመት መናገር አለበት። እንዴት እንደሚባል ሁሉም ያውቀዋል። አንዱ «ሰዓት አላከብርም» አለ። ሌላው «ሪፖርት አዘገያለሁ» ብሎ ተቀመጠ። የሩት ተራ ደረሰ።

«በሐምሌው ስብሰባ…» ድምፅዋ ጠፋ።

«አይሰማም» አሉ ከኋላ። ከኋላ ቀናው ተቀምጧል።

«በሐምሌው ስብሰባ እርግቦቹ በስህተት የገቡ ናቸው ብዬ ነበር። ውሸቴን ነው። አስቤበት የጻፍኩት እኔ ነኝ። ስትስቁ አፍሬ ካድኩ። ስለተሰረዙም መኪና ላይ አልወጡም፤ አንዷ ሞተች።»

«ለአንዲት እርግብ ነው ይህ ሁሉ?» አለ ከፊት ረድፍ አንድ ሰውዬ። ጥቂቶች ሳቁ።

ሩት አልተቀመጠችም። «ለአንዲት እርግብ ነው። ደግሞ የካድኩት እርግቧን ብቻ አይደለም።»

እትዬ ፈለቀች ከመቀመጫቸው ነቅነቅ አሉ።

«ልጄን ማለቷ ነው» አሉ። «ይመዝገብ።»

አቶ ኦላና እስክሪብቶአቸውን እንዳነሡ ቀሩ። «በየትኛው ዓምድ፣ እትዬ?» ቢሉ፣ አዳራሹ እንደገና ሳቀ። የአሁኑ ሳቅ ግን ሩትን አላቃጠላትም። ወደ ኋላ፣ ቀናው ወዳለበት ለማየት ደግሞ አልደፈረችም።

አርባኛው ቀን ላይ ቀናው የሰርቪሱን በር ከፈተው። ሃያ ሁለቱም ጣሪያው ላይ ተደርድረው ጥቂት አመነቱ፤ ከዚያ ተነሥተው ግቢውን ሁለቴ ዞሩና ወደ አቃቂ አቀኑ።

«ሄዱ» አለች ሩት።

«ይሂዱ። ቤቱ የለም እኮ፣ አይተው ይምጡ።»

ደፉ ላይ ጎን ለጎን ተቀመጡ። ሰማዩን ያዩ ጀመር።

«አሁንም እያፈርኩ ነው» አለች፣ ሳታየው። «መቼ እንደሚለቀኝ አላውቅም።»

«እኔም ያን ቀን አፍሬ ነበር» አለ። «በሸሚዙ።»

ዞራ አየችው። ከሐምሌ ወዲህ ዓይን ለዓይን ሲተያዩ የመጀመሪያቸው ነበር። ቀናው ጣሳውን በእጇ ላይ አኖረና እጁን እዚያው ተወው።

«አንቺ ጥሪያቸው።»

አንኳኳች።

«አይሰማም» አላት።

ከፍ አድርጋ አንኳኳች። ወይዘሮ አሰጋሽ በመስኮት ብቅ አሉ፤ ጎረቤት ውሻ ጮኸ። ሩት ተነሥታ ቆመች፣ ጣሳውን ከራሷ በላይ አንሥታ፣ ሳሪስ አቦ በሙሉ እስኪሰማ መታችው። ከደቡብ በኩል፣ ከጣሪያዎቹ ባሻገር፣ አንዲት ነጥብ ታየች። ከኋላዋ ሌላ።