ባለ ቀይ ክሩ ብርሌ

ስርጉት ከኩዌት ስትመለስ እንደ ጓደኞቿ ፀጉር ቤት አልከፈተችም። ደብረ ታቦር መናኸሪያ አጠገብ በተከራየቻት ጠባብ ሱቅ የድሮ ብርጭቆ፣ ሳህንና ብርሌ ትሰበስባለች። ዕቃውን ወደ ብርሃን ታነሣና በመስታወቱ ውስጥ የቀረችውን አረፋ፣ ከሥሩ ያለውን ጠባሳ አይታ ዕድሜውን ትናገራለች። ያልሆነውን ነው ብላ ለማንም ሸጣ አታውቅም።

የዩኒቨርሲቲው መምህር ላቀው መጀመሪያ የመጣው አንድ ብርጭቆ ሊያስለይ ነበር። ከዚያ ግን ባዶ እጁን መምጣት አበዛ። ብርጭቆ ስታሳየው እሷን ሲያይ ትይዘዋለች።

በስድስተኛው ወር አንድ ብርሌ አመጣላት።

«እማዬ ለሠርጌ ያስቀመጠችው ነው። እሑድ ልታይሽ ጠርታሻለች፤ አጥበሽ ራስሽ ስጫት።»

አንገቱ ላይ ቀይ ክር አለ። ለጎረቤት ድግስ ሲዋስ ከሌላው እንዳይቀላቀል የእናቱ የእማማ ፈንታነሽ ምልክት ነው።

ሐሙስ ጧት የጉና ተራራ ብርድ ከተማዋን ይዟት ነበር። ስርጉት በበረደው ብርሌ ላይ የፈላ ውሃ ገለበጠችበት፤ ሌላውን ስንቴ የመከረችውን ራሷ ረሳችው። ቀጭ አለ። ከአንገቱ እስከ ሆዱ ነቃ።

«ብርሌ ከነቃ አይሆንም ዕቃ» የሚለውን የማያውቅ የለም፤ የሠርግ ዕቃ ሲሆን ደግሞ ገዱን የማይፈራ ማን ነው? ላቀውን ያጣችው መሰላት። ሁለት ሌሊት እንቅልፍ አጣች።

ቅዳሜ እብናት ገበያ ስትዞር ውላ መንትያውን አገኘች። ክሩን ከነቃው ፈትታ በዚያኛው ላይ አሰረች።

እሑድ እማማ ፈንታነሽ ብርሌውን ተቀብለው አገላብጠው አዩት።

«የኔው ነው። እንዴት አጥርተሽዋል፣ ልጄ።»

ላቀው ፈገግ አለላት። ያ ፈገግታ ከብርሌው መንቃት ይልቅ አስፈራት። ዕድሜ ልኳን እየዋሸችው ልታየው ነው።

«እማማ፣ የአንቱ አይደለም» አለች። ለምን እንደያዘችው ያላወቀችውን የነቃውን ብርሌ ከቦርሳዋ አወጣች። «ይኸ ነው። እኔ ነኝ ያነቃሁት።»

ላቀው ፊቱ ተለዋወጠ። ስርጉት ነጠላዋን ሰብስባ ለመነሣት ተዘጋጀች።

«አውቄያለሁ» አሉ እማማ ፈንታነሽ። «እኔ ሁለት ጊዜ ነው የምቋጥር። ይኸ አንዴ ነው የታሰረ።»

«ታዲያ እያወቅሽ ለምን የኔው ነው አልሽ፣ እማዬ?» አለ ላቀው።

«እሷን ላያት ነዋ። ዝም ብትል እኔም ዝም እል ነበር፤ ልጄን ግን አልሰጣትም ነበር።»

«ነቅቷል እኮ፣ እማማ» አለች ስርጉት።

«የነቃው ብርሌው ነው።»

ክሩን ፈትተው ሰጧት። «በይ እሰሪው። ከእንግዲህ አንቺም እንደኛ ቤት ሁለት ጊዜ ነው የምትቋጥሪ።»

ስርጉት ክሩን በደህናው ብርሌ አንገት ላይ ጠመጠመች። ላቀው የመጀመሪያውን ቋጠሮ እንዳይላላ በጣቱ ያዘላት፤ ሁለተኛውን እሷ አሰረችው።