የሎይዞስ አጥንት ሲወጣ

መርማሪ ዜኖቢያ ስትደርስ የሎይዞስ ራስ ቅል ነጭ ጨርቅ ላይ ተቀምጧል፤ ከኋላው ተፈልጧል። ያስጠራቻት ሚስቱ አርጊሮ ናት። በዚያ የቴሳሊያ መንደር ሟች አምስት ዓመት ከተቀበረ በኋላ አጥንቱ ይወጣል፤ በወይን ጠጅ ታጥቦ፣ በሣጥን ሆኖ ከአባቶቹ አጥንት ጋር ይቀመጣል። ሎይዞስ ሲሞት ሐኪሙ፣ ያ ሰነፍ፣ በሩ ላይ ቆሞ «ልቡ ነው» ብሎ ፈርሟል። መንደሩ ደግሞ እስከ ዛሬ አርጊሮን «ባሏን የበላች» እያለ ሲያማት ኖሯል። አሁን ወህኒ ስትወርድ ለማየት ቋምጧል።

«ምን አስጨነቃችሁ?» አለ የሟች ወንድም ፋኒስ። «ዶማው አመለጠኝና ቅሉን መታው። በቃ።»

«የቆፈርከው አንተ ነህ?»

«የምንቆፍረው እኛ ሴቶቹ ነን» አለች ቆፋሪዋ ኩላ። «አጥንቱ ጋ ስንደርስ በእጃችን ነው የምንጭረው። ዛሬ ግን ጋሽ ፋኒስ ዶማውን ነጠቀኝ። ወንድ እዚህ ዶማ ሲይዝ አይቼ አላውቅም።»

ዜኖቢያ ወደ አርጊሮ ዞረች። «ያኔስ ሬሳውን ማን አጠበ፣ እትዬ?»

«እሱ ነዋ። ‹ወንድሜን እኔ አጥበዋለሁ› ብሎ በሩን ዘጋብን። እኛ ያየነው ኮፍያ አድርጎ፣ ትራስ ላይ ተጋድሞ ነው።»

ዜኖቢያ ቄሱንም ሐሜተኞቹንም በመቃብሩ ዙሪያ ሰበሰበች።

«እዩት። ይሄ ስብራት ጠርዙ ነጭ ነው፤ የዛሬው ዶማ ነው። አጠገቡ ያለው ግን እንደ ሌላው አጥንት አፈር ጠጥቶ ጠቁሯል። ሎይዞስ ተመትቶ ነው የተቀበረው።»

«እንዲያ ከሆነ ሚስቱ ናታ» አለ ፋኒስ ፈጠን ብሎ።

«መጀመሪያ ዶማው፣ ቀጥሎ ሚስቱ። ትንሽ እንኳ አታፍርም? እሷ ብትሆን ኖሮ አንተ ሬሳውን ስታጥብ ቁስሉን አይተህ በጮህክ ነበር። ያኔ ብቻህን አይተህ ሸፈንከው፤ ዛሬ ደግሞ እዚያው ላይ ዶማ አሳረፍክበት። አምስት ዓመት ሙሉ አስበህ የመጣልህ ይሄ ብቻ ነው?»

ፋኒስ ላብ አጠመቀው። «የመስኖ ውሃ ተራዬን ወሰደብኝ» አለ። «በአካፋ አንዴ ነው የመታሁት።»

ኩላ ምራቋን ተፋች። ሐሜተኞቹ፣ አፋቸው ያልጠገበው ሁሉ፣ መሬት መሬት ያዩ ጀመር።

ካቴና ሲገባለት ፋኒስ ወደ ወንድሙ ሚስት ዞረ። «ልጅ የለኝ፣ ሚስት የለኝ። እኔ ስሞት ማን ከአፈር ያወጣኛል፣ አርጊሮ?»

አርጊሮ የባሏን ግንባር ሳመች፤ ወይን ጠጁንም ቀስ ብላ አፈሰሰችበት። ቀና ብላ እንኳ አላየችውም።

«አንተማ እዚያው ቆይ» አለችው።