የሳሙናው አረፋ ሙግት

ወርኀ ነሐሴ፥ ሁለት ሺህ አራት ዓመተ ምሕረት፤ በካርቱም ዝናቡ ገብቶ ዐባይ ደፍርሶ በሞላበት ሰሞን፥ በሐጅ ዩሱፍ ሠፈር ከሳሙና ፋብሪካ የፈለቀ ነጭ አረፋ ጎዳናውን ዋጠው፤ ሪክሻ የሚሏቸው ባጃጆች እስከ መሪያቸው ሰጠሙ፤ ፍየሎችም በግ መስለው ዋሉ።

በዚያ ሠፈር ከጎንደር መጥተው ብዙ ዘመን የኖሩ፥ ወይዘሮ የኔነሽ የሚባሉ በርበሬ ነጋዴ ነበሩ፤ አረፋውን ተሻግረው ገበያ ሲወርዱ የእግራቸው ቆዳ እንደ ተቀቀለ ድንች ተላጠ፤ ጎረቤቶቻቸውም እንዲሁ ሆኑ። በአል-ማንሺያ ሠፈር የሚኖሩት ባለጸጋ፥ የፋብሪካው ጌታ ሐጅ ኦመር፥ አቤት ቢባሉ፥ «ሴቶቻችሁ ልብስ አጥበው የደፉት ነው» ሲሉ መለሱ።

ወይዘሮ የኔነሽ ሊከሱ ተነሡ። የአገራቸው ልጅ አቶ ተድላ ይህን በሰሙ ጊዜ እያለከለኩ ደረሱ።

«እሜቴ፥ የመኖሪያ ፈቃድዎ እንኳ ጊዜው አልፏል! በሎሪ ጭነው መተማ ቢጥሉዎትስ?»

«በዚህ እግሬ መተማ እንዴት እደርስ ኖሯል? ከጫኑኝማ ደግ አደረጉ!» አሉ፤ ሌሊቱን ግን እንቅልፍ አልወሰዳቸውም።

ኡስታዛ ሉጥፊያ የምትባል ሱዳናዊት ጠበቃ ቆመችላቸው። የኩባንያው ጠበቃም ከዳኛው ፊት ቀርቦ፥ «መውላና፥ ክቡር ዳኛ፥ ኩባንያ በሕግ ፊት ሰው ነው፤ ነገር ግን እጅም እግርም የለው፤ አረፋ ሊደፋ ከቶ አይቻለውም» ሲል ተከራከረ።

«እጅ የሌለው ሰው የእኔን እግር በምን ላጠው?» አሉ ወይዘሮ የኔነሽ።

ችሎቱ ሣቀ፤ ዳኛው ግን ሳይሥቁ፥ «ኸላስ፥ በቃ፤ ሄደን ቦታውን እናያለን» ሲሉ አዘዙ።

በጉብኝቱ ዕለት ዳኛው ሲደርሱ ፋብሪካው ሥራ አቁሞ አገኙት፤ ከአረፋው የቀረ አንድ ኩሬ ብቻ ነበር። ሐጅ ኦመር ነጭ ጀላቢያቸውን ለብሰው፥ «ይህ ውሃ ከዐባይ ይልቅ የጠራ ነው!» ብለው ማሉ።

«እንግዲያስ ይግቡበት» አሏቸው ዳኛው።

ሐጁ ኩሬውን አዩ፤ ቀጥለውም ሥራ አስኪያጃቸውን አዩ። «ያላ፥ ግባ!»

«እኔ? ያ ሐጅ!» ብሎ ጮኸ ምስኪኑ፤ «በቀደም አዲሱን ጫማዬን ያቀለጠው ይኸው የእኛ ውሃ አይደለም እንዴ?»

የችሎቱ ጸሐፊም ይህንኑ ቃል ጻፈ።

ኩባንያው የተጎዱትን እንዲያሳክም፥ ፍሳሹን አጣርቶ በተከደነ ቦይ እንዲያወጣ፤ ሐጅ ኦመርም ይህ እስኪፈጸም ድረስ ራሳቸው ተጠያቂ እንዲሆኑ ተፈረደ። ወይዘሮ የኔነሽ ጠበቃቸውን፥ «ስለ እኔ መባረርስ ምን ተባለ?» ብለው ጠየቁ፤ ምንም እንዳልተባለ በሰሙ ጊዜ ከችሎቱ ደጅ ቁጭ ብለው አለቀሱ።

ቦዩ በተመረቀ ቀን ሪባን የቆረጡት ሐጅ ኦመር ነበሩ፤ ጋዜጣውም «የድኾች ተቆርቋሪ» ብሎ አወደሳቸው፤ ስለ ክሱ አንዲት ቃል አልጻፈም። ታሪክ አብዝቶ የሚያስተውለው መቀስ የያዘውን ነው። ዛሬ በዚያ መንገድ በደኅና እግር የሚያልፉት ብዙዎች፥ ወይዘሮ የኔነሽ እየፈሩ ከችሎት እንደ ቆሙላቸው አያውቁም።