በሟች ስም የተቀየረው የጋራ ፋይል

ወልደአረጋይ ሐሙስ ጠዋት በብርድ ልብስ ፋብሪካው የቦይለር ክፍል በግንባሩ ተደፍቶ ተገኘ። የገደለው መርዛማ ጋዝ ነው። ጋዝ ሲሾልክ መጮኽ የነበረበት ማስጠንቀቂያ ትንፍሽ አላለም።

ኢንስፔክተር አልታየች ሟቹ የማስጠንቀቂያውን ፕሮግራም ይሠራበት ወደነበረው የደብረ ብርሃን ቢሮ ስትገባ ጉሙ ከመስኮቱ አልተነሣም ነበር። ጃኬቱ ወንበሩ ላይ እንደተሰቀለ ነው። ኃላፊው ዘይኑልአቢዲን፣ የሟቹ ባልደረቦች ራሔልና ኃይለኢየሱስ ከወንበሩ ርቀው ቆመዋል።

«ራሱ ነው ያጠፋው፤ መዝገቡን ይዩት» አለ ኃይለኢየሱስ።

ስክሪኑ ላይ ማስጠንቀቂያው የሚጮኽበት የጋዝ ልክ ከሃምሳ ወደ አምስት ሺህ ከፍ ብሏል። ቀያሪ፦ ወልደአረጋይ። ረቡዕ፣ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ከሃያ።

ራሔል ፊቷን አዞረች። «ስሙን ባየሁ ቁጥር ከኋላዬ የቆመ ይመስለኛል። ረቡዕ እኮ አንኮበር ቀብር ላይ ነበር! ኮምፒዩተሩንም ይዞ አልሄደም። ሰሞኑን የድሮ መዝገብ ሲያገላብጥ ነበር የሰነበተው፤ ምን እንዳገኘ ግን አልነገረኝም።»

«በሌላ ሰው ስም መጻፍ ይቻላል?»

«ወላሂ ይቻላል» አለ ዘይኑልአቢዲን። «መዝገቡ የጻፉለትን ስም ነው የሚይዘው። ፋይሉ የጋራ ነው፤ ሁላችንም በአንድ የይለፍ ቃል ነው የምንገባበት። የቦይለሩም፣ ኃይለኢየሱስ የሚሠራው የጫጩት መፈልፈያም ፕሮግራም የጋዝ ማስጠንቀቂያቸውን ልክ ከእሱ ይወስዳሉ። እዚህ የተቀየረ በሁለቱም ይቀየራል።»

«እንግዲያው የመፈልፈያው ማስጠንቀቂያም ዝም ማለት አለበት።»

ራሔል ቁጥሩን ከፍ እያደረገች ሞከረችው። ሃምሳ ላይ ሲደርስ ጮኸ። ሁሉም ደነገጡ፤ ራሔል አማተበች።

አልታየች ግን ወደ መፈልፈያው መዝገብ ዞረች። ብዙ አልቆየችም፤ ሦስቱንም አስቀመጠቻቸው።

«አንኮበር ቀብር ላይ የቆመ ሰው እዚህ ፋይል አይቀይርም። ስለዚህ ቀያሪው ከእናንተ አንዱ ነው። ረቡዕ፣ ለውጡ ሊደረግ አሥር ደቂቃ ሲቀረው፣ የመፈልፈያው ፕሮግራም አዲሱን እንዳይቀበልና በአሮጌው ቅጂ እንዲቆይ ታዟል። ያዘዘው ሰው ጥፋቱ እንደሚመጣ አስቀድሞ ያውቅ ነበር። መፈልፈያው ውስጥ ደግሞ እያንዳንዱ የሚገባው በራሱ የይለፍ ቃል ነው። ትእዛዙ የተሰጠው በአንተ ነው፣ ኃይለኢየሱስ። ለጫጩቶቹ አዘንክላቸው።»

ኃይለኢየሱስ ወንበሩ ላይ ወደተሰቀለው ጃኬት ዞረ።

«አምና የቦይለሩ ሠራተኛ ዓብዱራህማን በጋዝ የሞተው እንደተባለው ተኝቶ አይደለም፤ በእኔ የፕሮግራም ስህተት ማስጠንቀቂያው ሳይጮኽ ቀርቶ ነው። ወልደአረጋይ ከመዝገቡ አገኘው። ‹እሑድ ለሚስቱ እነግራታለሁ› አለኝ፤ ብለምነው እምቢ አለ። ሐሙስ ሐሙስ ጠዋት ክፍሉን እንደሚፈትሽ፣ ቧንቧውም እንደሚያሾልክ አውቅ ነበር።»

እሑድ አልታየች አልዩ አምባ ወርዳ የዓብዱራህማንን ሚስት ዙቤዳን አገኘቻት።

«ባለቤትዎ ተኝቶ አልነበረም። ጥፋቱ የእሱ አይደለም።»

ዙቤዳ በሯን ተደገፈች። «ልጆቼ ዓመቱን ሙሉ ‹አባታችሁን የገደለው እንቅልፉ ነው› ሲባሉ ኖሩ። ይህን ያወቀው ማነው?»

«ወልደአረጋይ ይባላል። ሊነግርዎ ሲል ነው የተገደለው።»

ዙቤዳ የማታውቀውን ሰው ስም ሁለት ጊዜ ደጋግማ ጠራች። ከዚያ ልጆቿን ጠርታ፣ አባታቸው እንዴት እንደሞተ አንድ በአንድ ነገረቻቸው።