የሁለት ቀን ባትሪ

ሹፌሩ ኑዕማን ሰኞ ረፋድ ላይ፣ ከዴራ ወደ መልካሳ በሚወርደው ቁልቁለት፣ ባዶ ሚኒባሱን ከድንጋይ ጋር አላትሞ ሞተ። ሰው ደግሞ ሬሳውን ሳያወጣ ምክንያቱን አወጣ፤ ሲቅም አድሮ አንቀላፍቶ ነው ተባለ። በአስተዋይነቷ የምትታወቀው ኢንስፔክተር ሸዋወርቅ እንኳ መንገዱ ላይ የፍሬን ጭረት ብታጣ፣ የመጀመሪያ ሪፖርቷ ላይ «እንቅልፍ ሳይሆን አይቀርም» ብላ ጻፈች።

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል፤ ለሟች ሚስት ለዙለይካ ግን ማደሩ ራሱ ከበዳት። ሐሙስ ዕለት አዳማ ያለው የሸዋወርቅ ቢሮ መጣች። ባሏ ጫት እንደማይቀምስ፣ ያን ሌሊት እንቅልፉን ጠግቦ፣ ንጋት ላይ ሱብሂ ሰግዶ መውጣቱን ሳታለቅስ ተናገረች። ከዚያ ዋናውን አመጣችው።

«ልጄን ትምህርት ቤት የአንቀላፊው ልጅ ይሏታል። ባሌን መልሱልኝ አልልም፤ ስሙን ግን መልሱልኝ።»

ሸዋወርቅ አንገቷን ደፋች። ያን ቃል መጀመሪያ የጻፈችው እሷ ነበረቻ።

ወዲያው ተጎትቶ ግቢ ወደገባው ሚኒባስ ሄደች። በፌስታል የተቀመጠውን የሟች ጫማ ስታይ፣ በሁለቱም ሶል ላይ የፍሬን ፔዳሉ መስመር ታትሟል። የወንበሩ መደገፊያ ወደኋላ ተሰብሯል። ቁልፉን አዞረች፤ አንድም መብራት አልበራም። የባትሪው ገመድ ግን አልተነቀለም፤ ባትሪውም ቅዳሜ እንደተገጠመ ተጽፎበታል። ዲናሞውን የሚያዞረው የጎማ ቀበቶ፣ ቺንጋው፣ ተበጥሶ ተንጠልጥሏል። ዳሽቦርዱ ላይ፣ ከቆጣሪዎቹ መሃል «ማሻአላህ» የሚል ወርቃማ ስቲከር ተለጥፏል። ሰው እንዲህ ያለውን የሚለጥፈው እንዲታይለት ፊት ለፊት መስታወቱ ላይ ነው፤ ይሄ ግን ቆጣሪዎቹ መሃል ተሸጉጦ ጠመም ብሏል።

ከዚያ መኪናውን በቅርብ የሚያውቁ ሦስት ሰዎችን አነጋገረች። የመኪናው ባለቤት የሟች አጎት ሐጂ መሐመድዘይን ናቸው። ዳሽቦርዱ ላይ የሚበራው ቀዩ የባትሪ ምልክት አልጠፋ ሲል አዲስ ባትሪ ገዝተው እንደሰጡ፣ ከዚያ ወዲያ ምንም እንደማያውቁ ዓይናቸውን ከመቁጠሪያቸው ሳይነቅሉ ነገሯት። ሜካኒኩ ቶሌራ ባትሪውን ከመግጠም ሌላ የነካሁት የለም አለ። በፈረቃ የሚነዳው የሟች ታናሽ ወንድም ኡበይደላ ደግሞ፣ እሑድ አጎቱንና ሌሎች ሽማግሌዎችን ጭኖ፣ ለራሱ ሚስት ሊያስጠይቅ አቦምሳ ደርሶ መመለሱን ተናገረ።

«ያን ቀን ምልክቱ በርቶ ነበር?»

«ኧረ ምንም አልነበረም።»

ስልኩ ጠራ፤ አንስቶ ዘጋው። ሸዋወርቅ የስልኩን ጀርባ ልብ ብላ አየች።

ዓርብ ከጁምዓ በኋላ ሦስቱንም፣ ዙለይካንም ጭምር፣ ሚኒባሱ አጠገብ ሰበሰበቻቸው።

«ኑዕማን አልተኛም» አለች ጫማውን እያሳየች። «ወንበሩ እስኪሰበር ድረስ በሁለት እግሩ ረግጧል። ፍሬኑ ነው ያልያዘለት። ቶሌራ፣ የዚህን መኪና ፍሬን የሚያቀለው ምንድን ነው?»

ቶሌራ መሬት መሬት እያየ፣ ዲናሞው ጀርባ ላይ ያለች ትንሽ ፓምፕ ናት አለ። ቺንጋው ሲበጠስ እሷም ትቆማለች፤ ያኔ ፍሬኑ ድንጋይ ይሆናል።

«ቀዩ ምልክት ሲበራ ሁሉም ባትሪውን ነው የሚጠረጥረው። ባትሪው ተቀየረ። እኔ ግን የሁለት ቀን ባትሪ ባዶውን አገኘሁት። ዲናሞው አይሞላውም ነበር ማለት ነው። እንዲያ ከሆነ መብራቱ እሑድ ቀኑን ሙሉ በርቷል።»

ቶሌራ ከዚህ በላይ አላስቻለውም። ባትሪው ተቀይሮም ምልክቱ እምቢ ሲል፣ ቺንጋው እየተንሸራተተ መሆኑንና ከተበጠሰ ፍሬኑንም ይዞ እንደሚሄድ ቅዳሜ ለኡበይደላ ነግሮት ነበር። የመለዋወጫ ዕቃ ሱቅ ስለተዘጋ ሰኞ በጠዋት አምጣው ብሎ ለቀቀው። ቁልፉን መያዝ ነበረብኝ ብሎ ፊቱን አዞረ።

ሸዋወርቅ ወደ ዙለይካ ዞራ ወርቃማውን ስቲከር አመለከተቻት። «የአላህ ስም ያለበት ነውና አንቺ አንሺው።»

ዙለይካ ቢስሚላህ ብላ በጥፍሯ ላጠችው። ከሥሩ የባትሪ ሥዕል ያለባት ትንሿ መብራት ወጣች።

«የለጠፈው ይህን ስም ማንም እንደማይልጥ የሚያውቅ ሰው ነው። ኑዕማንም የወንድሙ የደስታ ጌጥ መስሎት አልነካው ይሆናል። ስቲከሮቹ ጥንድ ጥንድ ሆነው ነው የሚሸጡት። ኡበይደላ፣ ስልክህን ገልብጠው።»

በስልኩ ጀርባ፣ በዚያው ወርቃማ ቀለም «ተባረከላህ» ይላል።

ኡበይደላ ተንበረከከ። መንገድ ላይ ጋቢና የተቀመጡት ሽማግሌ ስለ ቀዩ መብራት ሲጠይቁት ማፈሩን፣ የልጅቷ ቤተሰብ በተበላሸ መኪና መጣ እንዳይሉት ፈርቶ አቦምሳ ሲገባ ስቲከሩን ገዝቶ መለጠፉን ተናገረ። ማታ ለወንድሙ ሊነግረው ነበር። ኑዕማን ግን እንኳን ደስ ያለህ ብሎ ሲያቅፈው ነገሩን ለጠዋት አሳደረው። ጠዋት ሲነቃ ኑዕማን ወጥቷል።

«የጠየቅሁት እኔ ነኝ» አሉ ሐጂ መሐመድዘይን በደከመ ድምፅ። «ስንመለስ ስቲከሩን አየሁ፤ ገባኝም። በደስታ ቀን ነገር አላንሳ ብዬ ዝም አልሁ።»

ሸዋወርቅ የራሷን ሪፖርት አውጥታ ያን መስመር ፊታቸው ሰረዘችው። ራሷም ከእነሱ የተሻለች መስሎ አልታያትም።

ኡበይደላ የዙለይካን እግር ሊይዝ ሲል እግሯን ሰበሰበች።

«ለቅሶ ቤት ውሃ እያደልክ፣ ተኝቶ ነው ሲሉት ሰምተሃል። ይቅርታውን በኋላ ጠይቀኝ። አሁን መናኸሪያ ሄደህ ንገራቸው።»

ሸዋወርቅ ኡበይደላን ወደ ጣቢያ ከመውሰዷ በፊት በመናኸሪያው በኩል አለፈች። ሹፌሮቹና ተራ አስከባሪዎቹ ተሰበሰቡ። ዙለይካ ከቤት ያስመጣቻትን ልጇን እጇን ይዛ ከፊት አቆመቻት።

«ወንድሜ አላንቀላፋም» አለ ኡበይደላ። «ነግቶ፣ እሱ ወደ ሞቱ ሲወጣ፣ የተኛሁት እኔ ነኝ።»

አንድ ሹፌር ኮፍያውን አወለቀ። ልጅቷ የእናቷን ቀሚስ ጎተተች።

«እማዬ፣ ትምህርት ቤትም መጥቶ ይንገራቸው» አለች።