ያልተሰበረው እንቁላል

ፖሊሱ ሻምበል ሎሩሶ ሁሉንም ጠየቀ፤ አርሚዳን ብቻ አልጠየቃትም። ቆዳ አቅራቢውን ጠየቀ፣ ከጀርመን የመጣችውን ገዢ ጠየቀ፣ የድመቷን ስም ሳይቀር ጠየቀ። አርሚዳ ግን በሩ ሥር እንደ አሮጌ መጥረጊያ ተገትራ ቀረች። ሃምሳ ዓመት ሙሉ በዚህ ሱቅ የተሸጠ ቦርሳ ሁሉ የእሷ የእጅ ስፌት ነው። ገዢ ሲገባ ግን የሚጨብጠው የወንድሟን የዱሊዮን እጅ ነበር። ዛሬ ዱሊዮ ሞቶም ያው ነው።

ሬሳው ከሱቁ ጀርባ ባለው የሥራ ክፍል፣ በወንበሩ ላይ እንደተቀመጠ አንሶላ ለብሷል። ከእግሩ ሥር የከሰል ማንደጃ አለ። ጠረጴዛው ላይ ቀይ ቆዳ ተዘርግቷል፤ በመሣሪያ ሳጥኑ ከነፋስ ተከልሎ ከሽንኩርት ልጣጭ የሳሳ የወርቅ ቅጠል ተነጥፎበታል። ሌሎች ቅጠሎች ወለሉ ላይ ተበትነዋል። ከምሳ በኋላ፣ የፍሎሬንስ ከተማ ሱቅ ሁሉ ተዘግቶ ሰው በሚያሸልብበት ሰዓት፣ የከሰሉ ጭስ ዱሊዮን ይዞት ሄደ። ልትቀሰቅሰው ወርዳ ያገኘችው አርሚዳ ናት። ጥርቅም ብሎ የተዘጋውን መስኮት የከፈተችውም እሷው ናት።

ቆዳ አቅራቢው አዴማሮ ላቡን እየጠረገ፣ «ጠዋት ተጨቃጭቀናል፤ አልክድም» አለ። «‹ይህ ቆዳ ነው ወይስ የአህያ ጆሮ?› አለኝ። ሃያ ዓመት ሲሰድበኝ ኖሯል። ስድቡ ይናፍቀኛል እንጂ አልገድለውም።»

ጀርመናዊቷ ሬናተ ቦርሳዋን እንዳቀፈች፣ «ስፌቱ ተተረተረብኝ፤ ያንን ላሳየው ነው የመጣሁት» አለች። «ገና ሲያየው ፊቱ አመድ መሰለ። ‹ከሰዓት ተመለሺ› አለኝ። ስመለስ ሞቷል።»

ሊቪዮ መጨረሻ ተናገረ። በሞት የተለየች የሌላ እህታቸው ልጅ ነው፤ ዱሊዮና አርሚዳ ከሕፃንነቱ አሳድገውታል፤ ሱቁ ውስጥም አብሯቸው ይሠራል። ዓይኑ ቀልቷል። «አጎቴ ከምሳ በኋላ ወርቅ እለብጣለሁ ብሎኝ ነበር። ወርቅ ሲለበጥ መስኮት ይዘጋል፤ ትንሽ ነፋስ ከገባ ቅጠሉ ይበራል። ሲጨርስ መጥታ የምትከፍትለት አክስቴ ናት።» ድምፁን ዝቅ አደረገ። «አርጅታለች፤ ትረሳለች። እባካችሁ አትፍረዱባት።»

ወሬው በር ላይ ለተሰበሰበው ጎረቤት ለመድረስ ጊዜ አልፈጀበትም። ዳቦ ሻጯ ፎስካ፣ «እህቱ ረስታ ገደለችው፤ ምስኪን!» ስትል አርሚዳ በጆሮዋ ሰማች።

ሻምበሉ ቆቡን አነሳ። «ድንገተኛ አደጋ ነው። እትዬ፣ ማንም አይቀየምዎትም፤ የዕድሜ ነገር ነው።»

የአርሚዳ ደም ፈላ። ወንድሟን ቀብራ ስታበቃ፣ የቀራትን ዕድሜ «የረሳችው» ተብላ ልትኖር ነው?

«አንተ ልጅ» አለች፤ «ሹመትህን አከብራለሁ። ግን ላም ባልዋለበት ኩበት ትለቅማለህ። እንቁላሉ የታለ?»

«የምን እንቁላል?»

«ወርቅ በምራቅ ይጣበቃል እንዴ? ቆዳው አስቀድሞ የእንቁላል ነጭ ይቀባል። እንቁላሉ ያለው ላይ ቤት፣ ከእኔ ጓዳ ነው። ዱሊዮ ወርቅ ሊለብጥ ሲል ከደረጃው ሥር ‹አርሚዳ፣ አንድ!› ብሎ ይጮሃል። ነጩን ይዤለት እወርዳለሁ። አስኳሉን በስኳርና በጣፋጭ ወይን እመታለትና ሲጨርስ ይጠጣዋል። ለጳጳስ እንኳ አያካፍልም ነበር። ዛሬ ግን አልጠራኝም። ያልጠራኝን ሰው እንዴት አድርጌ ልርሳው?»

«ምናልባት ከሌላ ቦታ አግኝቶ…»

አላስጨረሰችውም። «መስኮቱን ስከፍት ሌሎቹ ቅጠሎች እንደ ላባ በረሩ። ይህን ደግሞ ተመልከት።» ወደ ጠረጴዛው ጎንበስ ብላ እፍ አለችበት። የቀረው የወርቅ ቅጠል ከቆዳው ላይ ተነሳ፣ ተንሳፈፈ፣ የሻምበሉ ጢም ላይ አረፈ። አዴማሮ ሊስቅ ብሎ ሬሳውን ሲያይ አፉን ያዘ።

ሻምበሉ ወርቁን አልጠረገም። ከኪሱ የታጠፈ መነጽር አወጣ። «ይህን ከሟቹ የደረት ኪስ ውስጥ አገኘሁት፤ ከዚያ ወዲህ ሲከነክነኝ ነበር» አለ ቀስ ብሎ። «ያለ መነጽር ወርቅ ይለብጣል?»

«ያለ መነጽርማ የሾርባውን ሳህንም አያገኘው።»

«እንግዲያው ተኝቶ ነበር።» ሻምበሉ የሱቁን በር ዘግቶ ሁሉንም በሬሳው ዙሪያ አቆማቸው። «ይቀጥሉ እትዬ። ቀድሞ መጠየቅ የነበረብኝ እርስዎን ነው።»

አርሚዳ እጆቿን አጣጠፈች። «ወንድሜ ወንበሩ ላይ አሸልቧል። መስኮቱ እንደ ልማዱ ገርበብ ብሏል። አንድ ሰው በጓሮ በር ገባ። ከሰል ጨመረ፣ መስኮቱን ዘጋ፣ ወርቁን አነጠፈ። ‹ሲለብጥ ሞተ፣ አሮጊቷ ረሳች› እንዲባል ነው። እንቁላል ለማግኘት ግን እኔን መጠየቅ ነበረበት። እዚያ ላይ ወኔ ከዳው፤ ፊቴን ማየት አልቻለም።»

«ይህንን ማናችንም ልናደርገው እንችል ነበር» አለች ሬናተ እየፈራች።

«አትችይም፣ ልጄ። የወርቅ ቅጠል በጣት ከተነካ ይፈረፈራል። ትንፋሽ ተይዞ፣ በስስ ብሩሽ ነው የሚነሳው። ይህ ደግሞ ሽብሽብ እንኳ አልነበረበትም። አዴማሮ፣ እስቲ እጅህን አሳየን! ይህ እጅ በሬ ይገፍፋል እንጂ ወርቅ ያነሳል?» ድምፅዋ ሻከረ። «እኔንም ወንድሜ ሃምሳ ዓመት ወርቁን አላስነካኝም። ‹ትንፋሽሽ ከባድ ነው› ይለኝ ነበር። ይህን ሥራ ያስተማረው አንድ ሰው ብቻ ነው።»

ወደ ሊቪዮ ለመዞር የደፈረ አልነበረም።

«አክስቴ፣ ሐዘን ራስሽን አዙሮብሻል» አለ ሊቪዮ።

«ሴትዮ፣ ቦርሳሽን ወዲህ በይ።» አርሚዳ በወስፌ ጫፍ አንዷን ስፌት በጠሰችና ክሩን ሳበችው። እስከ ጥግ ድረስ ተተረተረ። «የመኪና ስፌት ነው! እኔ በሁለት መርፌ ነው የምሰፋው፤ አንዱ ክር ቢበጠስ ሌላው ይይዛል። ቆዳው ላይ የተመታውን ማኅተም ግን እየው ሻምበል፤ የወንድሜ ስም ነው። ወንድሜ ዛሬ ጠዋት ያየው ይህንን ነው።»

ሻምበሉ ወደ ሬናተ ዞረ። «ቦርሳውን ማን ሸጠልዎት?»

ሬናተ ዓይኗን ሰብራ ወደ ሊቪዮ ጠቆመች።

ሊቪዮ በጉልበቱ ወደቀ። «ገዢው በዛ! አንቺ አንዷን ቦርሳ ስትጨርሺ ሳምንት ያልቃል፤ ሰው ደግሞ በር ላይ ተሰልፏል። ከፋብሪካ አምጥቼ ማኅተሙን መታሁበት። አጎቴ ‹ነገ በሰው ሁሉ ፊት ማኅተሙን እሰብረዋለሁ፣ ሌብነትህንም እናገራለሁ› አለኝ። ለመንኩት፤ እግሩን ሳምኩት…» ወደ አርሚዳ ዞረ። «ትመጫለሽ ብዬ ነበር፣ አክስቴ። መስኮቱን ትከፍቻለሽ ብዬ ነበር!»

አርሚዳ ልጁን ቁልቁል አየችው። እህቷ ስትሞት በአደራ የሰጠቻት ልጅ ነው። ጣቱን በጣቷ ደግፋ ወስፌ አያያዝ ያሳየችው እሷ ናት። በአንድ ቀን ሁለቱንም አጣች፤ ከሁለቱ ለየትኛው አስቀድማ እንደምታለቅስ ግን አላወቀችም። እጇ ሳታስበው ወደ ፀጉሩ ሄደ፤ ከመንገድ መለሰችው።

«የእንቅልፍ ሰዓቱ ሳያልቅ፣ ሳልጠራ መጥቼ አውቃለሁ?» አለችው። «ይህን ከአንተ በላይ የሚያውቅ የለም።»

ሻምበሉ ሊቪዮን ክንዱን ይዞ አነሳው፤ ጎረቤት እንዳያየው በጓሮ ሊያወጣው ፈለገ። አርሚዳ ቀድማ የጓሮውን በር በገላዋ ዘጋችው።

«በዚህ አይወጣም። ሊቪዮ፣ ወንድሜን አትመልስልኝም፤ አንድ ነገር ግን ትመልስልኛለህ። እንባህን ጥረግ። የሱቁን በር ራስህ ክፈትና ውጭ ለቆሙት ‹አክስቴ አልረሳችም› በላቸው። ጮክ በል! ከኋላ የቆመውም ይስማ።»