ከባሕር የመጣው ማንጠልጠያ

የቧንቧ ገጣሚው ምንተስኖት የሞተው ጠበል እየተረጨበት ነው። ከመንዟ መሐል ሜዳ ከተማ ወጣ ብሎ የተቆፈረው የውኃ ጉድጓድ በሚመረቅበት ሰዓት በማንሻው ዊንች የተሰቀለውን ቧንቧ የያዘው የብረት ማንጠልጠያ ተበጠሰና ቧንቧው ወደቀበት። ሌላው ሰው ለጥቂት ተረፈ። ኢንስፔክተር ጌታነሽ ስትደርስ አስከሬኑ ጋቢ ለብሷል፤ የዊንቹ ሠራተኛ ኪዳነ ደግሞ በካቴና ታስሯል።

«ከልክ በላይ ጎትቶ ገደለው» አላት ተቋራጩ ባስልዮስ፣ ከንፈሩን እየመጠጠ። «ማንጠልጠያው እንደሆነ አዲስ ነው፤ ከፋብሪካ ያመጣሁት እኔው ነኝ።»

«እንደ ወትሮው ነው የሳብኩ» አለ ኪዳነ። «ግን እንጃ፣ እኔው ሳልገድለው አልቀርም።» ከእስሩ ይልቅ ይህ ነበር የሚያንገበግበው።

ጌታነሽ የማንጠልጠያውን ስብራት ዳሰሰች። አብዛኛው ዝጎ ጠቁሯል፤ የሚያብረቀርቀው ጠርዙ ብቻ ነው። የተቀባውን ቀለም በቢላ ብትፍቀው ከሥሩ የባሕር ዛጎል ስባሪ ወጣ። መንዝ ላይ የባሕር ዛጎል! ፎቶ አንስታ አዲስ አበባ ላለ የብረት መሐንዲስ ላከችና ጠበሉን ይረጩ ወደነበሩት ቄስ ዞረች።

«አባ፣ ሲረጩ ሰው የት ነበር?»

«እዚሁ ከሥሩ ነዋ!» አሉ ቄስ መልከ ጼዴቅ። «ሕፃን አዋቂው ጠብታ እንዳያመልጠው ይጋፋል እንጂ ማን ይርቃል ልጄ?»

«ባስልዮስስ?»

«እሱማ ከመኪናው አልወረደም። ሌላ ጊዜ ግን ለጠበል የሚቀድመው የለም።»

የመሐንዲሱ መልስ ሲደርስ ሁሉንም ሰበሰበች።

«ኪዳነ ጎትቶ ቢበጥሰው ስብራቱ ሁሉ አዲስ በሆነ ነበር። ዝገቱ ግን ስንጥቁ የቆየ እንደሆነ ይናገራል። ይህ ብረት ባሕር ውስጥ፣ የነዳጅ ጉድጓድ ላይ ሲሠራ የኖረ ነው። ማዕበል ዘወትር ሲያወዛውዘው ብረትም ይደክማል፤ ይሰነጠቃል፤ ስንጥቁም ቀስ በቀስ ያድጋል። ባለሙያዎች ድካሙን ይከታተላሉ፤ ዕድሜው ሲያልቅ ያስወግዱታል። ይህም የተወገደ ነው። ቀለም ተቀብቶ እዚህ መጣ።»

«እኔንም ሻጩ አታልሎኝ ነው!» አለ ባስልዮስ።

«ተታልለው ቢሆን እንደ ሰው ሁሉ ለጠበሉ ይጋፉ ነበር» አለች ጌታነሽ። ከዚህ በላይ እሱን አንቱ ማለት አንገሸገሻት። «ሊበጠስ እንደሚችል ታውቅ ነበር። ካህኑንና ሕፃናቱን ከሥሩ አቁመህ፣ አንተ የመኪናህን መስታወት ዘግተህ አየህ።»

«ለምርቃቱ ይችላል ብዬ ነው… ለአንድ ቀን።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ ርክክቡ አለቀ፤ ኃላፊነቱ ከእኔ ወረደ።»

ከሬሳው ይልቅ ይህ ቃል ያስጠላ ነበር። አንዲት ሴት ምራቋን ተፋች።

ጌታነሽ የኪዳነን ካቴና ፈታች። «ሂድ፣ ነፃ ነህ።»

አልሄደም። ጋቢውን ገለጥ አድርጎ ወደ ጓደኛው ወደ ምንተስኖት ጆሮ ጎንበስ አለ።

«ወንድሜ፣ እኔ አይደለሁም የገደልኩህ» አለው።